ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት

ባለፈው ክረምት አንዱ የመንጋጋ ጥርሴ ሳምንት ሙሉ ሲያስፈራራኝ ከረመና አንድ ሌሊት ለየለት። ነቅቼ ስልኬን አየሁ። 3:07 ይላል። ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ስድስት ስጨምርበት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት። የጥርስ ክሊኒኩ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አምስት ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ቀረኝ ማለት ነው። ይቺን ሒሳብ ባልሠራኋት ኖሮ!

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ስልክ ማየት ሆነ። ጉንጬን ይዤ ሳሎን ውስጥ እንጎራደዳለሁ። አሁንስ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም ብዬ አያለሁ፤ 3:11። ጥርሴ ከልቤ ምት ጋር እኩል ነው የሚጠዘጥዘኝ። እያንዳንዷ ሰከንድ ስታልፍ ሰላም ብላኝ ነው የምታልፈው። ቀን ቢሆን ሥራ አለ፣ ሰው አለ፣ የታክሲ ጩኸት አለ። ሌሊት ግን እኔና ጥርሴ ብቻ።

እማዬ ኮቴዬን ሰምታ ተነሳች። ኩሽና ገብታ ቅርንፉድ ይዛልኝ መጣች። «በጥርስህ ያዛት። ስልክህን ወዲህ በለው» አለችና ጋቢዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ ወሬ ጀመረች።

«አንተን ስወልድ እኮ ብዙም አላማጥኩም። ማርያም ማርያም ሲሉልኝ ወዲያው ዱብ አልክ።»

አክስቴ ስታወራው ግን ሌላ ነው። ሁለት ሌሊት አምጣለች፤ ወገቧን ደግፋ አብራት ያነጋችው ራሷ አክስቴ ናት።

እማዬ አልዋሸችም። እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ይነክራሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ 60 ሰከንድ ይጨርሱና 30 ሰከንድ ይጨመርባቸዋል፤ በዚያች ጭማሪ ውሃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ይላል። ያማል፣ ግን ትንሽ ቀለል ይላል። «ከሁለቱ የቱ ይደገምላችሁ?» ሲባሉ ከ32ቱ ሰዎች 22ቱ ረጅሙን መረጡ። ለካ ሕመምን ስናስታውስ ደቂቃ አንቆጥርም። የባሰበትን ሰዓትና ያበቃበትን ነው ይዘን የምንቀረው። እማዬ መጨረሻ ላይ ያገኘችው እኔን ነው (ቆንጆ መጨረሻ ነኝ ማለቴ አይደለም)።

ይሄ ግን ካለፈ በኋላ ነው የሚሠራው። መሃሉ ላይ ላለ ሰው ካህነማን ምን ይፈይዳል? እማዬ የጎረቤቷን የዕቁብ ጣጣ እየተረከችልኝ ሳለ ከሰፈራችን መስጊድ አዛን ተሰማ። ጥርሱ ያው ጥርስ ነው፤ አልተሻለውም። ግን ሊነጋ ነው! እስከ ጆሮዬ ወጥቶ የነበረው ትከሻዬ ወደ ቦታው ሲመለስ ታወቀኝ።

ጠዋት ተነቀለልኝ። ስለሱ ብዙ የማወራው የለኝም።

በቀደም ይህን ታሪክ ለእህቴ ሳወራ «ያን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁት» አልኳት። እማዬ ከኩሽና ሆና ሳቀች።

«ኧረ በማርያም! ከአዛን በኋላ እኮ ስታንኮራፋ ነው ያነጋኸው። ቅርንፉዷ እንዳታንቅህ ከአፍህ ያወጣኋት እኔ አይደለሁ እንዴ?»