ከፍያለሁ እኮ! በር ላይ ደረሰኝ ሲጠይቁን

ባለፈው ቅዳሜ ከእማዬ ጋር አስቤዛ ልንገዛ ወጣን። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከቤታችን አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ትልቅ መደብር ነው። ስሙ ይቅር። ከፍለን፣ ጋሪያችንን እየገፋን በሩ ጋ ስንደርስ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ፊታችን ቆመና «ደረሰኝ» አለ። እኔ ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። እማዬስ? ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ፈትሸኝ ነው! አዲስ አበባ ባንክ ስትገባ፣ ሕንፃ ስትገባ እንደለመደችው። ልጁ ደንግጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ኖ፣ ኖ፣ ማም» ይላል። ሰው ሁሉ ያየናል። ሳቄም ንዴቴም ባንድ ላይ መጣብኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን እያሰረች «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አድርገን ነው ያስቆሙን?»

መልስ አጣሁ። ማታ እሷ ስትተኛ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ያገኘሁት ነገር ብዙዎቻችን ከምናስበው የተለየ ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው።

በነገራችን ላይ ለእማዬ ማስረዳት የከበደኝ አንዱ ነገር ይኼ ነው፦ አገር ቤት ደረሰኝ የምንለምነው እኛ ነን። ባለሱቁ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በደረሰኝ ካላችሁ 15 በመቶ ቫት ይደመርና ዋጋው ሌላ ይሆናል። እዚህ ደግሞ ሳትጠይቁ የክንድ ርዝመት ያለው ወረቀት ያስይዟችሁና አሥር እርምጃ ሳትሄዱ መልሰው አሳዩን ይላሉ።

ወደ ሕጉ ልግባ። ሒሳቡን ከከፈላችሁ ዕቃው የእናንተ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ደረሰኝ መጠየቅ ይችላል፣ መጠየቅ አልተከለከለም። እናንተም «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ መንገዳችሁን መቀጠል ትችላላችሁ። ተራ መደብር ውስጥ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ደረሰኝ የማሳየት ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። አላሳይም ማለትም ብቻውን ሰውን ሌባ አያደርግም።

ባለመደብሩ ግን ባዶ እጁን አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ ነጋዴ የጠረጠረውን ሰው ለአጭር ጊዜ ማቆየት የሚችልበት ሕግ አለ። ቨርጂኒያ ላይ፣ ሰውየው ሰርቋል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው፣ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ሊያቆየው ይችላል፤ ጊዜው ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ብትገቡም በቂ ምክንያት የሚለው ነገር ይጠበቃል። በቂ ምክንያት ማለት ለምሳሌ ሠራተኛው ዕቃ ኪስ ውስጥ ስትከቱ በዓይኑ አይቷል እንበል። «ፊቷ አላማረኝም» በቂ ምክንያት አይደለም። ነጠላም አይደለም።

አንድ ሳላውቀው የኖርኩት ነገር አለ። በሩ ላይ ያለው የሌባ መከላከያ መሣሪያ ሲጮህ የቨርጂኒያ ሕግ ጩኸቱን ራሱን እንደ በቂ ምክንያት ይቆጥረዋል። መሣሪያ መኖሩን የሚናገር ማስታወቂያ በግልጽ መለጠፍ አለበት፤ የሚያቆዩትም በአግባቡ፣ ለምን እንደጮኸ ለማጣራት የሚበቃውን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሸሩ ማግኔቱን ሳይነቅል የረሳው ልብስ ይዛችሁ ከጮኸባችሁ «መብቴ ነው» ብላችሁ ባትሮጡ ይሻላል። እኔ ድሮ ሲጮህ ዝም ብዬ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

በአባልነት የሚገዛባቸው እንደ ኮስትኮና ሳምስ ክለብ ያሉ መደብሮች ደግሞ ሌላ ነገር ናቸው። እዚያ አባል ስትሆኑ የተስማማችሁበት ውል ውስጥ ሲወጡ ደረሰኝ ማሳየት ተጽፏል። ያላነበብነው እኛ ነን። እምቢ ካላችሁ አባልነታችሁን ሊሰርዙ ይችላሉ፤ ውሉን አልፈው ግን ያለ በቂ ምክንያት ይዘው ሊያስቀሯችሁ አይችሉም። እንደ እውነቱ ከሆነ የኮስትኮው ፍተሻ ብዙም አያናድደኝም። ሁሉም ይሰለፋል፣ ሁሉም ያሳያል፣ ልጅ ከያዛችሁ ደረሰኙ ጀርባ ላይ የሚስቅ ፊት ይስሉለታል። አንዴም አንድ ካርቶን ወተት ሁለት ጊዜ እንደተቆጠረብኝ ያየችልኝ በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ነች።

የሚያናድደው ሁሉም ሲያልፍ እናንተ ብቻ ስትቆሙ ነው። የቅዳሜውን ሳስብ ከእኛ ፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ዝም ብለው አልፈዋል። አንጀቴ አረረ። ግን ልጁን ላለመበደል፣ እነሱ የያዙት አንዳንድ ትንሽ ፌስታል ነበር፣ የእኛ ጋሪ ላይ ደግሞ 25 ፓውንድ ሩዝና ሁለት እሽግ ውሃ ፌስታል ውስጥ ሳይገባ ተቀምጧል። ድሮ እንዲህ ያለ በር ላይ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ደውዬ ስጠይቃት «ፌስታል ውስጥ ያልገባ ትልቅ ዕቃ ስታዩ ጠይቁ ነው የሚሉን» አለችኝ። ሰው እንዳትነኩ፣ እንዳትከተሉ፣ እምቢ ካለ መልካም ቀን በሉት ይሏቸው ነበር። በቀን ስምንት ሰዓት ቆማ ትሰደብ የነበረችው ግን እሷ ነች።

ነገሩ ቀለም ሲሆንስ? የታወቀ ፍርድ አለ። በ1996 ካንሳስ ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት ዲላርድስ ከሚባለው መደብር የልጅ ልብስ ገዝታ ከፈለች። ግዢው ላይ ሽቶ የሚያሰጥ ኩፖን ነበረውና ሽቶው መሸጫ ጋ ቆማ ሳለች የጥበቃ ሠራተኛ መጣ፣ ፌስታሏን ወስዶ ዕቃውን ዘረገፈና ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ምንም አልተገኘም። ከሰሰች። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ 56,000 ዶላር ካሳና 1.1 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ፈረደላት፣ መደብሩ ይግባኝ ቢልም ፍርዱ በ2001 ጸናላት። የገረመኝ ያቺ ኩፖን ነች። ሴትዮዋ የተጠቀመችበት የ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስለ ውል እኩልነት የሚናገር ነው፤ ግዢ ደግሞ ውል ነው። ኩፖኑን ገና ስላልተጠቀመችበት ውሉ አላለቀም ነበር። ሁሉንም ጨርሶ በር ላይ የተያዘ ሰው በዚሁ ሕግ መርታት ይከብደዋል። ኒውዮርክ ላይም በ2014 ጥቁርና ላቲኖ ገዢዎች እንደሚከታተሏቸውና እንደሚያስቆሟቸው ካመለከቱ በኋላ፣ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጋር በተደረገ ስምምነት ሜሲስ የሚባለው መደብር 650,000፣ ባርኒስ የሚባለው ደግሞ 525,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

እንግዲህ ይኼን አንብባችሁ ነገ በር ላይ ጀግና ለመሆን እንዳትሄዱ። በ2007 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሰውዬ ደረሰኝ አላሳይም ብሎ ወጣ፣ ሠራተኞቹ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ከለከሉት፣ ራሱ ፖሊስ ጠራ። የመጣው ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ጠየቀው። እሱንም አላሳይም አለ። በካቴና የሄደው ማን ይመስላችኋል? ኋላ ክሱ ተነሳለት፣ እሱም ከተማዋን ላለመክሰስ ተስማማ። ደረሰኙ ላይ ትክክል ነበር፤ ያም ሆኖ ቅዳሜና እሁዱ ተበላሽቷል።

የእኔ ነገር ቀላል ነው። ሁሉንም የሚጠይቁ ከሆነ አሳያለሁ፣ ሠላሳ ሴኮንድ ነው። እኔን ብቻ መርጠው ከሆነ «ኖ ታንክስ» ብዬ እሄዳለሁ። መንገድ ከዘጉብኝ አልገፋም፣ አልጮህም፤ የገፋ ሰው በዕቃው ንጹሕ ቢሆን እንኳ በድብደባ ሊከሰስ ይችላልና። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» መሄድ እችላለሁ ወይ? አዎ ካለ እሄዳለሁ። አትችዪም ካለ በምን ጠርጥረኸኝ ነው ብዬ፣ ሰዓቱን አይቼ፣ ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ እቆማለሁ። ቦርሳዬን ግን በፈቃዴ አልከፍትም። ፖሊስ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ክርክሩን ለፍርድ ቤት አቆየዋለሁ።

ይኼን ሁሉ እሁድ ጠዋት ቡና እየተፈላ ለእማዬ አስረዳኋት። እጅ መዘርጋት እንደሌለ፣ አይ ማለት እንደምትችል፣ «ኖ ታንክ ዩ» እንዴት እንደሚባል። ሁለት ሦስቴ አለማመድኳት። ስኒዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና፦

«እሺ፣ እኔ አላሳይም ብዬ ብሄድ፣ ያ ልጅ አለቃው ቢቆጣውስ?»