ፊቱ አረንጓዴ የሆነው ዜና አንባቢ

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። የሳይንስ መምህሯ ኤሌክትሮማግኔት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብቻ ማግኔት የሚሆን ነገር፣ ሠርታችሁ ኑ ስትላቸው ቀጥታ እኔ ጋ መጣ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እኛ ቤት ግን አንዴ የተቃጠለ ፊውዝ የቀየረ ሰው ዕድሜ ልኩን "ኢንጂነሩ" ነው የሚባለው። ማምለጫ የለም።

የመዳብ ሽቦውን ያገኘነው ከሰፈራችን ዲናሞ ጠቅላይ ነው። ለትምህርት መሆኑን ሲሰማ ሳንቲም አልተቀበለንም። ጭራሽ ለምርቃት ብሎ ከአሮጌ ስፒከር የፈታውን፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ማግኔት ጨመረልን። መዘዙ የመጣው ከምርቃቱ ነው።

ቤት ስንደርስ እማዬ ከጎረቤታችን ጋር ቡና እየጠጣች ዜና ታያለች። ቴሌቪዥኗ ያ ጀርባው ያበጠው፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልገው ነው። ጠፍጣፋውን እንግዛልሽ ስንላት "ይሄ ምን ሆነና?" ትላለች። ልጁ ማግኔቱን ይዞ ቤቱን መዞር ጀመረ። የበሩን መቀርቀሪያ ሳበ። የአሉሚኒየም ድስቱን እምቢ አለ። ቀጠለና የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ለጠፈው።

ዜና አንባቢው አረንጓዴ ሆነ። ሁሉ ነገሩ አይደለም፣ ግራ ጉንጩ ብቻ። ግንባሩ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ሄደ። ልጁ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ ቀለሙ ግን እዚያው ቀረ።

እማዬ መነጽሯን አስተካክላ "ውይ! ሰውዬው ምን ነካው?" አለች።

"ጉበት ነው" አሉ ጎረቤታችን ሳያመነቱ። "ወንድሜንም እንዲሁ ነው ያደረገው።"

"እንዲህ ሆኖ ሥራ ያስገቡታል? አይ የሰው ጭካኔ!"

ሰውዬው ምንም ሳይመስለው ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ማንበቡን ቀጠለ። ጎረቤታችን ለጉበት የሚሆን መድኃኒት እየዘረዘሩ ሳለ ማስታወቂያ ገባ። ሕጻን ልጅ አረንጓዴ ወተት ግጥም አድርጎ ጠጣ። እማዬ ወተቱን አየች፣ የእህቴን ልጅ አየች፣ ማግኔት የያዘ እጁን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጥፋተኛው ሌላ ቢሆንም ኢንጂነሩ እኔ ነኛ!

በእንዲህ ያለ ቴሌቪዥን መስታወት ጀርባ እልፍ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት አለ። ከኋላ በኩል ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ይተኮሳሉ፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ። እያንዳንዱ በቀዳዳው አልፎ የራሱን ቀለም ብቻ መምታት አለበት። ማግኔት ሲጠጋ ጨረሩ መንገድ ይስታል፣ የጎረቤቱን ቀለም ይመታል። ይባስ ብሎ ስስ ብረቱ ራሱ ማግኔት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ማግኔቱ ተነስቶም ሰውዬው ያልዳነው።

መድኃኒቱም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። በስክሪኑ ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ቴሌቪዥኑ ቀዝቅዞ ሲበራ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይገባበታል። በኃይል ይጀምርና ቶሎ እየደከመ ይሄዳል፣ የብረቱንም ማግኔትነት አብሮ ያጠፋዋል። ያቺ ስናበራው የምንሰማት "ድም" የምትል ድምፅ እሷ ናት። ችግሩ፣ ደጋግሞ ቶሎ ቶሎ ማብራት አይሠራም፤ በመሃል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህንን ድራማዋ ሊጀምር ደቂቃዎች ለቀሯት እናት አስረዱ እስቲ። ጎረቤታችን በበኩላቸው "ትዩቡ ሄዷል፣ በቃ!" እያሉ ያባብሳሉ።

እያጠፋን፣ እየጠበቅን፣ እያበራን አረንጓዴው ለቀቀ። ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ ቀርታለች፤ እማዬ አላየቻትም፣ እኔም አልጠቆምኳት።

ከዚያ ወደ ቤት ሥራው ገባን። "ይሄኛውስ ምን ያበላሻል?" አለች እማዬ። "ይሄኛው ሲነቀል ይጠፋል" አልኳት፣ በኩራት። ሽቦውን ሚስማር ላይ ጠቀለልን፣ ጫፎቹን ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘን። ወፍ የለም! ለካ የዲናሞ ሽቦ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ጫፍ ጫፉን በምላጭ መፋቅ ያስፈልጋል። መሃሉን ግን መንካት የለም፤ ቫርኒሹ ባይኖር ኤሌክትሪኩ ዙሩን ትቶ ከሽቦ ወደ ሽቦ በአቋራጭ ይሾልክ ነበር።

ልጁ ደብተሩን ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1820 ኦርስቴድ የሚባል የዴንማርክ ሰው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌ ሲያንቀሳቅስ አየ። በ1825 እንግሊዛዊው ስተርጀን የመጀመሪያውን ኤሌክትሮማግኔት ሠራ፣ 4 ኪሎ ገደማ አነሳ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ደግሞ ሽቦውን በሐር ሸፍኖ ደጋግሞ ጠቀለለውና በ1831 ከ900 ኪሎ በላይ አነሳ።

እማዬ ሐር የሚለውን ስትሰማ ተነስታ ባለ ሐር ጥለት ነጠላዋን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ቁልፉ ሲዞር ሰማነው።

ተፍቆ ሲገናኝ ማግኔታችን ሠራ። ስፒሎቹን ጥርግ አድርጎ አነሳቸው። ሽቦው እየጋለ ስለመጣ ልጁ ቶሎ ነቀለው። ስፒሎቹ አልወደቁም። ጥቂት ረገፉ፣ የቀሩት ተንጠልጥለው ያዩናል። "ይጠፋል ያልከኝ ይሄ ነው?" አለች እማዬ ከበሩ ጀርባ።

ሚስማሩ ነው። ሱቁ ውስጥ የነበረው የኮንክሪት ሚስማር ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ጠንካራ ብረት ነው፤ አንዴ ማግኔት ከሆነ ቶሎ አይለቅም። የሚፈለገው ለስላሳው ብረት ነበር። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሱቅ የለም፣ ያንኑ ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ክፍል ፊት ቆሞ "አሁን ስነቅለው ሁሉም ይወድቃሉ" ብሎ ነቀለው። አልወደቁም። አራገፈው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን የዋዛ አይደለም፤ የጠንካራና የለስላሳ ብረትን ልዩነት ጥርት አድርጎ አስረዳ፣ ለማስረጃም የአያቱን ቴሌቪዥን ጉድ ከነወተቱ ዘከዘከው። መምህሯ ሙሉ ማርክ ሰጠችው።

ማታ ደብተሩን ሲያሳየኝ ከማርኩ ሥር በቀይ እስክሪብቶ መልእክት አለ። የትምህርት ቤቱ አሮጌ ቴሌቪዥን ከኖረ ጀምሮ ጥጉ ሐምራዊ ነው። ኢንጂነር አጎቱ ቅዳሜ መጥተው ቢያዩልን ይላል።