የነባር ሶፍትዌር ኢንተርፌስ ጠብቄ አዲስ ፕሮግራም የጻፍሁበት መንገድ

ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ደንበኛዬ ለዓመታት ሲገለገሉበት የኖሩትን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠሪው ማደስ ስላቆመ፣ ደሴ ላይ ሆኜ ምትኩን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ሥራውን ያከበደው ሶፍትዌሩ ብቻውን የቆመ አለመሆኑ ነው፤ የባርኮድ ማንበቢያው፣ የመለያ ወረቀት ማተሚያው፣ የደሴው ቅርንጫፍ የሽያጭ ፕሮግራምና የሒሳብ ሠራተኛው በኤክሴል የሠራቸው ማክሮዎች (ተደጋጋሚ ሥራን በራሳቸው የሚፈጽሙ አጫጭር ፕሮግራሞች) ሁሉ ሶፍትዌሩን የሚጠሩት በተወሰኑ የፋንክሽን (አንድን ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ስሞችና በተወሰነ የፓራሜትር (ለፋንክሽኑ የሚሰጠው መረጃ) ቅደም ተከተል ነበር፤ ፕሮግራሞች የሚገናኙበት ይህ መልክ ኢንተርፌስ ይባላል። ስሞቹ ከተቀየሩ እነዚህ ሁሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ ኢንተርፌሱን እንደነበረ ጠብቄ ውስጡን ከባዶ ለመጻፍ አሰብሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ይህ በሕግ ያስጠይቅ እንደሆነ ማጣራት ነበረብኝ።

በዚህ ጉዳይ ሁሉም የሚጠቅሰው የኦራክልንና የጉግልን ክርክር ነው። ጉግል አንድሮይድን ሲሠራ ጃቫ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የ37 የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ኢንተርፌስ) ፓኬጆችን መግለጫ ኮድ፣ ማለትም የፋንክሽኖቹን ስምና አጠራር ብቻ የሚናገረውን 11,500 ያህል መስመር፣ እንዳለ ወስዶ ሥራውን የሚሠራውን ኮድ ግን ራሱ ጻፈ። የጃቫን ባለቤት ሰን ማይክሮሲስተምስን የገዛው ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2010 ክስ መሠረተ። በ2012 ዳኛ ዊሊያም አልሰፕ የኤፒአዩ አደረጃጀት በቅጅ መብት አይጠበቅም ሲሉ ወሰኑ፤ በ2014 የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን ሻረው፤ በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለጉግል ፈረደ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ፍርድ «ኤፒአይ አይጠበቅም» ብሎ እንደ ወሰነ አድርገው ያወሩታል፤ እንዲያ አላለም። ፍርድ ቤቱ የቅጅ መብት አለ ብለን እንኳ ብንነሣ የጉግል አጠቃቀም ፍትሐዊ (ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሕጉ የሚፈቅደው) ነው አለ እንጂ፣ ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ አልፎታል።

ይህ ልዩነት እዚህ አገር ለሚሠራ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። የአሜሪካው የፍትሐዊ አጠቃቀም ድንጋጌ ሰፊና ክፍት ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ግን ልዩ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ስለዚህ በጉግል መከላከያ ተማምኜ ብጀምር ኖሮ መሬት የማይነካ መተማመኛ ይሆንብኝ ነበር። የጠቀመኝ የአዋጁ አንቀጽ 5 ነው፤ ሐሳብ፣ የአሠራር ዘዴና የመሳሰሉት በአንድ ሥራ ውስጥ ተገልጸው ቢገኙም እንኳ ጥበቃ እንደማያገኙ ይደነግጋል። በእኔ አስተያየት የፋንክሽን ስምና የፓራሜትሮቹ ተራ ፕሮግራሙን የማሠራት ዘዴ እንጂ ሌላ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 በሳስ ኢንስቲትዩት ጉዳይ የፕሮግራም ተግባር፣ የፕሮግራም ቋንቋና የዳታ ፋይል ቅርጽ በፕሮግራም የቅጅ መብት እንደማይጠበቁ ወስኗል።

ተቃራኒው ክርክር ቀላል አይደለም። ጥሩ ኢንተርፌስ መንደፍ ድካምና ማስተዋል ይጠይቃል፤ በጉግል ጉዳይ በልዩነት የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስም መግለጫ ኮድ ራሱ ኮድ ስለሆነ ሕጉ ይጠብቀዋል ብለዋል። ይሁን እንጂ ኢንተርፌስ ዋጋ የሚያወጣው በአብዛኛው ሌሎች ከተማሩትና ሥራቸውን በላዩ ከገነቡ በኋላ ነው። የእኔ ደንበኛ ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል፤ ማክሮዎቹን የጻፈው የሒሳብ ሠራተኛው እንጂ የሶፍትዌሩ ሠሪ አልነበረም።

ነገሩን ለደንበኛዬ ለሐጂ ሳስረዳቸው፣ «አብሽር ልጄ፤ ፊልትሩ ከየትም ይምጣ፣ ጥርሱ ከሞተሩ ካልገጠመ እኔስ ለማን እሸጠዋለሁ?» አሉኝ። ምሳሌያቸው ጥሩ ቢሆንም በመለዋወጫ ዕቃ ላይ የፓተንትና የንድፍ መብት ሊኖር ስለሚችል ጉዳዩ ሌላ እንደሆነ ነገርኋቸው።

አሠራሩን ለሁለት ከፈልነው። ኮምቦልቻ የሚኖር ባልደረባዬ መመሪያውን እያነበበና በፕሮግራሞቹ መካከል የሚመላለሰውን ጥሪ እየመዘገበ፣ እያንዳንዱ ፋንክሽን ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ በራሱ አማርኛ ጻፈ። እኔ የድሮውን ሶፍትዌር ኮድም ሆነ መመሪያ ሳላይ ከእርሱ ጽሑፍ ብቻ ተነሥቼ ኮዱን ጻፍሁ። የኮምፒውተር ሠሪው ኮምፓክ የአይቢኤምን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም) የሚተካ ፕሮግራም ያሠራው እንዲህ ባለ መንገድ ነበር። በመካከላችን የተላለፈውን ጽሑፍ ሁሉ ቀን እየጻፍን አስቀምጠናል፤ ጥያቄ ቢነሣ ከቃላችን ይልቅ የሚታመነው እርሱ ነውና።

ከኢንተርፌሱም የወሰድነው በእርግጥ የሚጠራውን ብቻ ነው፤ ማንም የማይጠራቸውን ፋንክሽኖች ተውናቸው። ማክሮዎቹ የስሕተት ቁጥሮቹን ስለሚፈትሹ ቁጥሮቹን ጠብቀን የመልእክቶቹን ጽሑፍ እንደ አዲስ ጻፍን። የእንግሊዝኛ ሆሄው የተሳሳተ አንድ የፋንክሽን ስም ግን ከነስሕተቱ ቀረ፤ ባስተካክለው የደሴው ቅርንጫፍ ሽያጭ በቆመ ነበር። ስሙን የያዝነው ለውበቱ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ውሉን ነው። የቅጅ መብት ሕግ የማይከለክለውን ነገር የፈረሙት የፈቃድ ውል ሊከለክል ይችላል። ደሴ ያለ ጠበቃ የሐጂን ውል መርምሮ የሚከለክለው የሶፍትዌሩን ኮድ መክፈትንና ማባዛትን እንጂ ከውጭ ጠርቶ ምላሹን መመዝገብን እንዳልሆነ አረጋገጠልን፤ እኔም የመጀመሪያውን መስመር የጻፍሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን በራሴ የሽያጭ ውሎች ውስጥ ማንም ሰው የፕሮግራሜን ኢንተርፌስ በተመሳሳይ ስሞች መልሶ መሥራት እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አስገባለሁ። ጠበቃው ኮዱና የመመሪያው ጽሑፍ በዚህ ፈቃድ እንደማይካተቱ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር አስጨምሮበታል።