በአዲስ አበባ የጓሮ ኩሬ ውስጥ ዓሣን በሚዛን ማኖር

የጓሮ ኩሬ ስንት ዓሣ እንደሚችል የሚታወቀው ቀን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ቀን አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቂቅ ዕፅ) ኦክስጅን ሲያመርት ይውላል። ማታ ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል፤ ሊነጋ ሲል ውሃው ውስጥ የሚቀረው ከቀን ሌሊቱ ሁሉ ትንሹ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ጠግቦም 6.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ለቆላ የወጣን የዓሣ ቁጥር እንዳለ አምጥቶ እዚህ መጠቀም ዓሣውን መፍጀት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ግቢ ጓሮ ለሠራሁት ኩሬ ቁጥሩን ሁሉ ያወጣሁት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ኩሬው 4 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው። አንዱ ጫፍ 70 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 1.30 ሜትር ይጠልቃል፤ በአማካይ 1 ሜትር ሆኖ 10,000 ሊትር ይይዛል። ጥልቁ ጫፍ የግድ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ዓሣው የሚሸሸው ወደዚያ ነው። ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ ከባሕር ዛፍና ከግራቪላ ሥር ግን መራቅ ይሻላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ለዓሣ የማይስማማ ነገር ይለቃል፤ ማንኛውም ቅጠል ደግሞ ታች ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል።

ለጉድጓዱ የመረጥኩት 0.75 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ውሃ የማያሳልፍ የጂኦሜምብሬን ሸራ ነው። ልኩ ሲወጣ በርዝመቱም በወርዱም ላይ የጥልቁ እጥፍና በየዳሩ 40 ሳንቲሜትር ይጨመራል፤ ለዚህ ኩሬ 7.5 በ6 ሜትር ይመጣል። ከሥሩ ጠጠርና ሥራሥር ተለቅሞ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ ይነጠፋል፣ በላዩ ያረጀ ምንጣፍ ይደረባል። ሲሚንቶ የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግንቡንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ ኖራ ስለሚለቅ ውሃው ለዓሣ ይከብዳል፤ ሞልቶ ሳምንት አቆይቶ ማፍሰስ፣ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ8.5 በታች እስኪወርድ ድረስ ያንኑ መደጋገም ያስፈልጋል።

ክረምት ላይ ኩሬው ሞልቶ ስለሚፈስ መውጫ ቱቦ አስቀድሞ ይታሰብበት። ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ ከውሃው ልክ ጋር አስተካክሎ ማቆም ብቻ አይበቃም፤ እንዲያ ከሆነ የሚወጣው ላይኛው ንጹሕ ውሃ ነው። እኔ በላዩ ወፈር ያለ ቱቦ አጥልቄ የታችኛውን አፍ ጥርስ ጥርስ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ያኔ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሥር ተስቦ የሚወጣው ዝቃጩ ነው። ጥርሶቹ የዓሣ ጫጩት እንዳያሾልኩ ጠባብ መሆን አለባቸው።

ከተማችን የቧንቧ ውሃውን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ያገኛል። ከየትም ይምጣ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ የዓሣን ስንጥብ፣ መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል። ለመጀመሪያው ሙሌት ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ፓምፕ እያገላበጠው ማቆየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የፈረቃውን ውሃ በሮቶ አሳድሮ በቀን ከኩሬው አንድ አሥረኛ ሳያልፉ መጨመር ነው። የጣሪያ ውሃ ክሎሪን የለበትም፣ ግን አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ይለቃል፤ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው፣ በተለይ ለስላሳ ውሃ ውስጥ። የዝናብ ውሃ ለስላሳ ስለሆነም የኩሬውን ፒኤች ከጠዋት እስከ ማታ ያዋዥቀዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ለ10,000 ሊትር 170 ግራም ሲጨመር አልካሊኒቲው (ፒኤቹን ከመዋዠቅ የሚይዘው አቅም) በሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ከፍ ይላል። ከ50 በታች ከሆነ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደዚያ ማድረስ እንጂ በአንድ ቀን መድፋት አይገባም። ከወንዝ መቅዳትን አላስበውም፤ የቀበና ውሃ ፍሳሽ ተሸካሚ ነው።

ማጣሪያው 200 ሊትር በርሜል ሲሆን የሞላሁት ሬድ አሽ ነው፤ ያ ለመንገድ ድልዳሎ የሚደፋው ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ለዚህ ሥራ ከውጭ ከሚመጣ የፕላስቲክ ኳስ አያንስም፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በየቀዳዳው ይሰፍራሉ። ውሃው ቀይ ማውጣቱን እስኪያቆም ታጥቦ ይገባል። በሰዓት ከ4,000 እስከ 5,000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ይበቃል፤ ውሃው ወደ ኩሬው ሲመለስ ከፍ ካለ ቦታ እየተንኳለለ ቢወድቅ ኦክስጅን ይዞ ይመለሳል። በእኛ ብርድ ባክቴሪያው ለመባዛት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስድበታል፤ ስለዚህ ማጣሪያው ከዓሣው ቀድሞ መጀመር አለበት። መብራት ጠፍቶ በርሜሉ ብዙ ሰዓት ከቆመ ውስጡ ያለው ውሃ ይገማል። መብራት ሲመጣ ፓምፑን ከማስነሳት በፊት ያ ውሃ ከሥር ተከፍቶ ወደ አትክልት ይደፋ። ይህን የማያውቅ ሰው ዓሣው ያለቀበት መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ መሆኑ ግራ ያጋባዋል።

አሁን ወደ ዓሣው። ለዚህ ከፍታ ያገናኘኋቸው ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ ካርፕና አምባዛ። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲወርድ ይሞታል። በጥሩ ጊዜ ግን አልጌውንም ፉርሽካውንም ወደ ሥጋ ይለውጣል። ካርፕ ብርዱን ይችላል፣ ታች የወደቀውንም ይለቅማል። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ኦክስጅን ሲያንስ መጨረሻ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ዋና ሥራው ግን የቆሮሶን ጫጩት መብላት ነው። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ ካለፈ መፈልፈል ይጀምራል፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ በመቶ የሚቆጠር ታወጣለች። የሚቀንስላቸው ከሌለ ኩሬው ጣት በሚያህል ዓሣ ይሞላል፤ መኖው ለሁሉም ይከፋፈላል፤ አንዱም ለድስት አይደርስም።

የጨመርኩት 20 ቆሮሶ፣ 3 ካርፕና 2 አምባዛ ነው። ሲያድጉ ቆሮሶው በአማካይ 150 ግራም ቢደርስ 3 ኪሎ፣ ካርፑ 500 ግራም ቢደርስ 1.5 ኪሎ፣ አምባዛው 600 ግራም ቢደርስ 1.2 ኪሎ፤ በድምሩ 5.7 ኪሎ። ይህ ፓምፕ ሌት ተቀን ለሚሠራበት 10,000 ሊትር የሚቻል ነው። ፓምፕ የሌለው ሰው ግማሹን ይውሰድ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሆመር ስዊንግል በአላባማ ኩሬዎች ላይ ሲሠራ፣ የተበዪው ዓሣ ክብደት ለበዪው ክብደት ሲካፈል ከ3 እስከ 6 ከመጣ ኩሬው ሚዛኑን ይጠብቃል ብሎ ነበር። እሱ ያጠናው ሌሎች የዓሣ ዝርያዎችን ነው፤ የእኔ 4.5 ለ1.2 ሲካፈል 3.75 ይመጣል፤ እንደ አቅጣጫ ማሳያ ይበቃኛል።

ሚዛኑን ከአምባዛው በላይ የሚያግዘው ወንድ ወንዱን ቆሮሶ መርጦ መጨመር ነው። ለዚህ ጫጩቱ 30 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አይለይም። ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ሆዱን ወደ ላይ ማዞር፣ ከፊንጢጣው ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጥጥ ቫዮሌት መንካት። ወንዱ ጉብታው ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሴቷ ከጫፉ ቀዳዳ ሌላ መሐል ላይ አግድም የተሰነጠቀች መስመር አለቻት፤ ቀለሙ እዚያ ገብቶ ያሳያታል። እጁ የለመደ ሰውም ከአሥር አንድ ሁለቱን ይሳሳታል። አምባዛው የሚያስፈልገው ለዚያች ላመለጠች ሴት ነው።

ጫጩቱን ከሰበታው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ማምጣት ከሐይቅ ከሚያጠምድ ነጋዴ ከመግዛት ይሻላል፤ ዕድሜውና ዝርያው ይታወቃል። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ጠዋት በብርድ ማጓጓዝ ይመረጣል። ዓሣው አንድ ቀን ሳይበላ ይደር፤ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ ኦክስጅን ይሁን። ኩሬው ጋ ሲደርስ ከረጢቱን ሳይፈቱ ግማሽ ሰዓት ማንሳፈፍ፣ ከዚያ የኩሬውን ውሃ በጣሳ እየቀላቀሉ መልቀቅ።

ጊዜው መጋቢት ነው። ውሃው ሞቆ እስከ ግንቦት ያለው ወቅት ለዕድገት ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ነው። ቆሮሶውና ካርፑ አብረው ይገባሉ። አምባዛው ግን ግንቦት ላይ፣ ቆሮሶው 14 እና 15 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ እሱ 10 ሳንቲሜትር ሳለ ይከተላል። ቀድሞ ወይም ገዝፎ ከገባ የሚበላው ጫጩቱን ሳይሆን የተገዛውን ቆሮሶ ነው። ዝናባማ ሌሊት በእርጥብ መሬት ተስቦ ስለሚወጣም በኩሬው ዙሪያ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው መረብ ያስፈልገዋል።

መኖውን የማዘጋጀው ቤት ነው፤ ግማሹ የስንዴ ፉርሽካ፣ 35 በመቶ የኑግ ፋጉሎ፣ 15 በመቶ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር። ፕሮቲኑ 24 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ አልጌ ላለው ኩሬ ይበቃል። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ ከገባ የፕሮቲን መፈጨትን ይከለክላል። በፈላ ውሃ ታሽቶ፣ በወንፊት ተጨቁኖ፣ ጥላ ላይ ይደርቃል። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን በቀን ከዓሣው ክብደት 3 በመቶ፣ እያደገ ሲሄድ 2 በመቶ፤ ከ17 እስከ 20 ሲሆን 1 በመቶ፤ ከ16 ሲወርድ ምንም። ለጀማሪዎቹ 23 ዓሦች 20 ግራም ያህል ነው። ጣሪያው ለዚህ ኩሬ በቀን 100 ግራም ነው፤ ዓሣው ቢለምንም አይታለፍም። ግማሹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ግማሹ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሰጣል፤ ማታ አይሰጥም። አምባዛ ማታ መኖ ከጠገበ ጫጩት አያሳድድም። የእንጀራ ፍርፋሪ የሚወረውር እንግዳ ሁሌም አይጠፋም፤ ያልተበላው ታች ሄዶ ስለሚሻግት ቅርጫት አስቀምጬ ለዶሮ እንዲሰጡ አደርጋለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ የፈተና ወራት ናቸው። ብዙዎች ብርዱን ይፈራሉ፤ የሚገድለው ግን ደመናው ነው። ለተከታታይ ቀናት ፀሐይ ካልወጣ አልጌው ኦክስጅን ሳያመርት መተንፈሱን ይቀጥላል፤ ሲሞትም በስብሶ የቀረውን ይወስዳል። የአልጌው ብዛት መለኪያው ነጭ የሸክላ ሳህን በዘንግ ላይ አስሮ ማጥለቅ ነው። ሳህኑ የሚሰወረው ከ25 እስከ 35 ሳንቲሜትር ላይ ከሆነ መልካም ነው። ከ20 በፊት ከጠፋ አልጌው በዝቷል፤ መኖ ለሁለት ቀን ይቁም፣ ከውሃውም አንድ አሥረኛ ይቀየር። ጠዋት ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ የሚያለከልክ ከሆነ መኖ አይሰጥም፤ መብራት ከሌለ ውሃውን በባልዲ ከፍ አድርጎ መልሶ መድፋት ፀሐይ እስክትወጣ ያቆየዋል። አልጌ የበዛበት ውሃ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ወደ 9 ሊወጣ ይችላል። በ20 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል 0.4 በመቶ ሲሆን፣ 9 ላይ 28 በመቶ ይደርሳል። አሞኒያ የሚለካ ሰው ጠዋት ለክቶ መረጋጋት የለበትም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይም ይለካ።

ከኅዳር ጀምሮ በኩሬው ላይ የግሪንሃውስ ላስቲክ በቅስት ማታ ማታ ይዘረጋል፤ ለአየር ሁለት ጫፉ ክፍት ይቀራል።

ሚዛኑ መጠበቁን የማየው ጥቅምት ላይ፣ በትንሽ መረብ ዳር ዳሩን በመጎተት ነው። መረቡ ትልልቅ ቆሮሶዎችን፣ መካከለኞችንና ጥቂት ጫጩቶችን አንድ ላይ ካወጣ ኩሬው ጤነኛ ነው። ጫጩት በብዛት፣ ትልልቁ ግን የከሳና ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የገዘፈ ከሆነ አምባዛው አንሷል ወይም ጠግቧል፤ አንድ አምባዛ መጨመርና ጫጩቱን በመረብ መቀነስ ያስፈልጋል። ጫጩት ጨርሶ ከሌለ፣ ቆሮሶውም ጅራቱ የተነከሰ ከሆነ አምባዛው ገዝፏል፤ ወጥቶ ይበላ። ሁዳዴ ሲገባ የደረሰውን ማውጣት እጀምራለሁ፤ በወጣው ምትክ ግን ዓሣ የሚገባው ለመጋቢት ብቻ ነው። ትርፍ ጫጩት ተቀቅሎ ለዶሮ ይሰጣል እንጂ ወደ ወንዝ አይለቀቅም፤ ካርፕም ሆነ አምባዛ ቀድሞ ወዳልነበረበት ውሃ ገብቶ ከተራባ የሚያወጣው የለም።