ያረረው ገብስ

ወሩ ጥር ስለ ሆነ ይሁን ወይም የሱሉልታ ደረቅ ነፋስ ቀኑን ሙሉ በራችንን ሲያንኳኳ ስለ ዋለ፣ ዛሬ ልቤ ከብዶኝ ዋለ። እማዬ ለበሶ የሚሆን ገብስ ስትቆላ ጎረቤት ጠርታት ወጣች፤ ምጣዱንም ለእኔ ተወችልኝ። እኔ ግን ከሥሩ የሚጨሰውን ኩበት እያየሁ በሐሳብ ስለ ሄድሁ፣ አንድ እፍኝ የሚያህል ገብስ አረረ።

ያረረውን ፍሬ በጣቴ ስጨፈልቀው ጥቁር ዱቄት ሆኖ ቀረ። ይህ ጥቁር ነገር በአብዛኛው ካርቦን ነው። እሳቱ ከውጭ ያመጣው አይደለም፤ ገብሱ ነጭ በነበረበት ጊዜም በውስጡ ነበረ፣ አሁን የታየው አብረውት የነበሩት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በሙቀቱ ስለ ተለዩት ነው። አንድ የካርቦን አቶም ከሌሎች ጋር አራት ትስስር ይፈጥራል፤ ከቢጤዎቹም ጋር እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት፣ ቅርንጫፍና ቀለበት ይሠራል። የገብሱ ስታርች፣ የላሚቱ ቅቤ፣ የጡንቻችን ፕሮቲን፣ ከአባዬ ወደ እኔ የተላለፈው ዲኤንኤ፣ ሁሉም በዚሁ ላይ የተዋቀሩ ናቸው።

አባዬ በአውድማው ላይ ፍሬውን ለእኛ፣ ጭዱን ለላሚቱ ይለይ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር። አሁን ግን በፍሬው ውስጥ የሚበዛው ስታርችም ሆነ በጭዱ ውስጥ የሚበዛው ሴሉሎስ ከአንድ ስኳር፣ ከግሉኮስ፣ የተሠሩ መሆናቸውን አውቃለሁ። ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ያለው ሞለኪውል ነው። ልዩነቱ ያለው በአያያዙ ላይ ነው፦ በሴሉሎስ ውስጥ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚያያዝ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ሰንሰለቶቹም ጎን ለጎን ተጣብቀው የአገዳውን ጥንካሬ ይሰጣሉ። የስታርቹን ትስስር የሚፈታ ኢንዛይም በምራቃችን ውስጥ ሳይቀር አለን፤ የሴሉሎሱን የሚፈታ ግን የለንም። ላሚቱም ብትሆን በራሷ አትፈታውም፤ በሆድ ዕቃዋ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚፈቱላት። ስለዚህ አባዬ በዚያ አውድማ ላይ ሳያውቀው ሲያካፍለን የኖረው አንዱን ስኳር ነው፤ ለእኛ በአንድ አያያዝ፣ ለላሚቱ በሌላ።

ጭዱ የተከተተው በባዶው የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ስለ ዩሪያም አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ዩሪያ በሽንታችን ውስጥ የሚገኝ የካርቦን ውሕድ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1828 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኩላሊት ሳያስፈልገው በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያሉትን ውሕዶች የሕይወት ኃይል ብቻ ይሠራቸዋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። አባዬ ያንን ነጭ ፍሬ በእጁ ሲበትን ይህን ብነግረው ምን ይለኝ እንደ ነበር ዛሬ አሰብሁ።

ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የአፈሩ ነገር ነው። በቀብር ላይ ስለ አፈር ሲነገር ሰምተን እናለቅሳለን። ነገር ግን በገብሱ ውስጥ ያለው ካርቦን የመጣው ከአፈር ሳይሆን ከአየር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቫን ሄልሞንት የተባለ ሰው በ200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ላይ የዛፍ ችግኝ ተክሎ 5 ዓመት ውኃ አጠጣው፤ ዛፉ ከ160 ፓውንድ በላይ ሲጨምር አፈሩ የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር። እርሱም ዛፉ የተሠራው ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ። ከከሰል ቃጠሎ የሚወጣውን ጋዝ ለይቶ ያወቀው፣ ጋዝ የሚለውን ቃል ያወጣውም ይኸው ሰው ነበር፤ ያ ጋዝ የዛፉ ምግብ መሆኑን ግን አላወቀም። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ይህንኑ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከውኃ ጋር አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፣ እኛ ያንን እንበላለን፣ ከዚያም በትንፋሻችን መልሰን ወደ አየር እንለቀዋለን።

እንግዲህ አባዬ ከመቀበሩ በፊት፣ በዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ በተነፈሰ ቁጥር፣ ከአካሉ ጥቂት ጥቂቱን ለነፋሱ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዳች ዘንድሮ በታጨደው ሣር ወይም በዚህ ምጣድ ላይ ባረረው ገብስ ውስጥ ይኖር ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ሆኖም የካርቦን አቶም የማን እንደ ነበረ የሚናገር ምልክት የለውም፤ ባገኘውም አልለየውም። ፍሬውን ከጭዱ የሚለየው ስኳሩ ሳይሆን የስኳሩ አያያዝ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አባዬንም አባዬ ያደረገው ካርቦኑ አልነበረም፤ የተያያዘበት መንገድ ነበር። ካርቦኑስ ወደ አየሩና ወደ ሣሩ ሄደ፤ ያ አያያዝ ግን ሲፈታ ወዴት ይሄዳል?