የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን እንዴት ተማርኋቸው

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ከሲኒየሮች ደጋግሜ የሰማሁት ምክር፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ለማለፍ ያህል የሚነበቡ እንጂ የሚለፋባቸው አይደሉም የሚል ነበር። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር ግን በዚህ ምክር አልሄድሁም። የተማርሁበት መንገድ ብዙ ስለ ጠቀመኝ፣ አሁን ለሚገቡ ታናናሾቻችን እጽፈዋለሁ።

11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ከሆኑ በኋላ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀርቶ፣ ተማሪው ከመሰናዶ በቀጥታ ወደ ዲፓርትመንቱ ይገባ ነበር። ዓመቱ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ፣ ተማሪው ወደ ሙያው ከመግባቱ በፊት ጠቅላላ ዕውቀት፣ የመግባቢያና የማመዛዘን ችሎታ እንዲይዝ ታስቦ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂና ሌሎችም የተካተቱት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ክሬዲት፣ ማለትም የእያንዳንዱን ኮርስ ክብደት የሚያሳየውን ቁጥር፣ ማስላት ነበር። አማካይ ነጥብ የሚወጣው የእያንዳንዱ ኮርስ ውጤት በክሬዲት ሰዓቱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ተካፍሎ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊ እያንዳንዳቸው ባለ 3 ክሬዲት ናቸው፤ ስለዚህ «ቀላል» በተባለው ኮርስ ከኤ ወደ ቢ የወረደ ተማሪ፣ «ከባድ» በተባለው ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከወረደው ጋር እኩል ነጥብ ያጣል። የዲፓርትመንት ምደባ ውድድሩ ደግሞ ይህን ነጥብ ይመለከታል። ይህን ካየሁ በኋላ ለሁሉም ኮርስ ቋሚ የጥናት ሰዓት መደብሁ፤ የትኛውንም ለፈተና ሰሞን አላሳደርሁም።

ከሁሉም አብልጬ የወደድሁት ጂኦግራፊን ነው። ቤታችን ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ስናን ወረዳ ነው። በኮርሱ የአየር ንብረት ቀጠናዎች በከፍታ ተከፍለው በሠንጠረዥ ይቀርባሉ፦ ቆላ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። አብዛኛው ተማሪ ቁጥሮቹን ይሸመድዳቸዋል። እኔ ግን ሠንጠረዡን አገሬ ላይ አስቀመጥሁት። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ድልድይ ላይ የቆመ መንገደኛ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማሽላ በሚዘራበት ቆላ ውስጥ ነው፤ ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ሲደርስ የጤፍ አገር ይቀበለዋል፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትርን አልፋለች፤ ከእኛ ሰፈር በላይ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ጅባራ የተባለው የብርድ አገር ተክል ይበቅልበታል።

በዚህ ዓይን ሳየው አንድ ጥያቄ መጣብኝ። በሠንጠረዡ መሠረት ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት፤ በዙሪያዋ ግን ጤፍ ይዘራል፤ ገበሬውም ወይና ደጋ ነው የሚለው። ለክረምት ስመለስ አባቴን ጠየቅሁት። «ልጄ፣ እኛ ደጋ የምንለው ጤፍ እንቢ ሲል ነው» አለኝ። ገበሬው ቀጠናውን የሚለየው በሚያበቅለው ሰብልና በብርዱ መሆኑን፣ የሜትር ወሰኖቹም ከዚህ ልማድ በኋላ ግምት ሆነው የተቀመጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ተረስቶኝ አያውቅም፤ የትኛውንም ሠንጠረዥ ሳይ፣ ወሰኑ በምን እንደ ተቆረጠ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ሎጂክን የተማርሁት ምሳሌዎቹን ራሴ እየሠራሁ ነው። ተማሪውን የሚያደናግረው፣ ሙግት ቅርጹ ትክክል ሆኖ ይዘቱ ውሸት ሊሆን እንደሚችል መቀበል ነው። ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የጎጃም ወንዞች ሁሉ ወደ አዋሽ ይፈሳሉ፤ ጨሞጋ የጎጃም ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ጨሞጋ ወደ አዋሽ ይፈሳል።» ሁለቱ መነሻዎች እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው ግድ እውነት ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ቅርጹ እንከን የለውም። ነገር ግን ጨሞጋ ከጮቄ ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ስለሆነ፣ ችግሩ ያለው የመጀመሪያው መነሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በዶርም ክርክር ስንይዝ፣ «ቅርጹን ነው ወይስ መነሻውን የምትቃወመው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ፤ ክርክሩም ቶሎ ይጠራ ነበር።

የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ ኮርስም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የእውነት ሠንጠረዥን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሮች ሲጣመሩ መቼ እውነት መቼ ውሸት እንደሚሆኑ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ ያስተምራል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አጣምሬ ስላጠናኋቸው አንዱ ሌላውን አቀለለልኝ። የቀረው ሒሳብ መልመጃ ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። አንትሮፖሎጂ ባለ 2 ክሬዲት ነው፤ ስለ መረዳዳት ልማድ የሚያነሣውን ክፍል በወንፈልና በደቦ ልዩነት ስላየሁት ለማስታወስ አልተቸገርሁም።

ትልቁ ፈተና ቋንቋው ነበር፤ ሞጁሉም (የኮርሱ መማሪያ መጽሐፍ) ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ንዑስ ክፍል ካነበብሁ በኋላ ሞጁሉን እዘጋና ለዶርም ጓደኛዬ በአማርኛ አስረዳዋለሁ፤ እሱ የገባውን ያህል እኔም እንደ ገባኝ አውቃለሁ። ከዚያ ያንኑ ሳልገለብጥ በራሴ እንግሊዝኛ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ። ጽሑፎቹን ለእንግሊዝኛ መምህሬ ይዤ ስሄድ በቀይ አርመው፣ ስሕተቱ ለምን ስሕተት እንደሆነ ቁጭ ብለው ያስረዱኝ ነበር። መምህራን ተማሪ የሚቀበሉበት ሰዓት በኮርሱ አውትላይን ላይ ይጻፋል፤ በዚያ ሰዓት የሚሄደው ተማሪ ጥቂት ስለሆነ፣ ሄዶ የሚጠይቅ በቂ ጊዜ ያገኛል።