ማብቂያ ቀን የሌለው የጨጓራ መድኃኒት

አዳማ ውስጥ በፋርማሲ መስኮት ለሚሠራ ሰው፣ በየቀኑ ከሚደርሱት ማዘዣዎች መካከል የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ያለበትን ከመቁጠር የሌለበትን መቁጠር ይቀለዋል። ማዘዣው ሲታይ የተሟላ ይመስላል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ 20 ሚሊግራም የሚለው መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ፊርማና ማኅተም ሁሉም በቦታቸው አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚታጣው መድኃኒቱ የሚቆምበት ቀን ነው። ታካሚው ሲያልቅበት ባዶውን ስትሪፕ ይዞ ይመለሳል፤ አንዱ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አልሰጥም ቢለው ከሌላው ያገኘዋል። በእኔ እምነት በሆድ ዕቃ መድኃኒቶች ላይ የምናየው ጉዳት የሚበዛው መድኃኒቱ ተሳስቶ ስለታዘዘ ሳይሆን፣ በትክክል የታዘዘው ከጊዜው አልፎ ስለሚቀጥል ነው።

ለአብዛኛው ቃርና የጨጓራ ሕመም ከ4 እስከ 8 ሳምንት የሚደርስ ሕክምና ይበቃል። ለዓመታት ሲወሰድ ከቫይታሚን ቢ12ና ከማግኒዥየም እጥረት፣ ከአጥንት ስብራትና ከአንዳንድ የአንጀት ኢንፌክሽኖች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስብራቱን በሚመለከት ማስረጃው በአብዛኛው የመጣው ታካሚዎችን በመከታተል ብቻ ከተሠሩ ጥናቶች ስለሆነ፣ ሰው ለማስደንገጥ ልንጠቀምበት አይገባም። ይበልጥ የሚያሳስበው መድኃኒቱን ማቆም ራሱ ቃር የሚያመጣ መሆኑ ነው። አሲዱ ለሳምንታት ሲታፈን ጋስትሪን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ጨጓራ ከቀድሞው የበለጠ አሲድ ያመነጫል። በዴንማርክ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሆዳቸውን ታመው የማያውቁ 120 ጤነኛ ሰዎች ግማሾቹ ይህን መሰል መድኃኒት ለ8 ሳምንት ወስደው ሲያቆሙ፣ 44 ከመቶ ያህሉ ቃርና ተመሳሳይ ምልክቶች ታይተውባቸዋል፤ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 15 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ታካሚያችን "ስተወው ይብስብኛል" ሲል እውነቱን ነው፤ ይህ ግን ሕመሙ አለመዳኑን አያረጋግጥም።

ሌላው ጉዳይ ሰዓት ነው፤ በተለይ በጾም ወራት። ኦሜፕራዞል የሚይዘው በምግብ ምክንያት ሥራ የጀመሩትን አሲድ አመንጪ ፓምፖች ነው፤ በደም ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ "ጠዋት በባዶ ሆድ" ብለን የጻፍንለት ሰው ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ፣ ማለዳ የዋጠው እንክብል ማዕዱ እስኪቀርብ ድረስ አብዛኛው ከደሙ ወጥቷል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መድኃኒቱን በውኃ ወስዶ ዘጠኝ ተኩል ላይ እንዲመገብ መንገር ይሻላል፤ ረመዳንን ለሚጾመውም ከሱሁር ግማሽ ሰዓት በፊት ማድረግ ይቻላል። "ይጾማሉ?" ብሎ መጠየቅ ሰከንድ አይፈጅም፤ ሲጠየቅ ግን ብዙም አልሰማሁም።

ከተማችን የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች የወገብ ሕመም የሚያሠቃያቸው ሾፌሮች አይጠፉም። ጨጓራን ሊጎዳ የሚችለውን የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ይገዛሉ፤ ጨጓራቸው ሲቃጠል ኦሜፕራዞል ይጨመራል፤ ዳይክሎፌናኩን የሚያስቆማቸው ግን የለም። መነሻው ሳይነካ የሚታዘዝ ሁለተኛ መድኃኒት ማብቂያ ሊኖረው አይችልም።

ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ የኤች ፓይሎሪም ነገር ከዚህ አይርቅም። ለ14 ቀናት ሁለት አንቲባዮቲክና ኦሜፕራዞል የወሰደ ሰው፣ "ጠፍቶልኝ እንደሆነ" ብሎ በድጋሚ የደም ምርመራ ያደርጋል፤ ውጤቱ "ፖዘቲቭ" ይመጣል፤ ሕክምናውም እንደገና ይጀመራል። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ውጤቱ ለረጅም ጊዜ "ፖዘቲቭ" ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። መዳንን ለማረጋገጥ ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ያስፈልጋል፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካበቃ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው። አለዚያ ሳያስፈልግ አንቲባዮቲክ በመደጋገም መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ እናፈራለን።

ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ገደቡ ከሁሉም ያጥራል፤ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ5 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። በተለይ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ አንገት ወደ ጎን ሊጠማዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል፤ ይህን ያየ ቤተሰብ ልክፍት ቢመስለው አይፈረድበትም። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራማይድ ደግሞ ደም የቀላቀለ ወይም ትኩሳት ያለው ተቅማጥ ላይ ጨርሶ አይታዘዝም፤ ለሕፃን የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ነው። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበትን የጨጓራ ሽሮፕ ከጠጣ 6 ሰዓት ሳይቆይ መድኃኒቱን መውሰድ የለበትም፤ አስቀድሞ ከወሰደው ደግሞ ሽሮፑን ከ2 ሰዓት በኋላ መጠጣት ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የቆዩበትን ኦሜፕራዞል ለማቆም መጠኑን ለሁለት ሳምንት በግማሽ መቀነስ፣ ከዚያም ቃሩ ሲነሣ ብቻ ሽሮፕ መጠቀም ብዙዎችን ይረዳል። የሚመጣው ቃር በጥቂት ሳምንታት እንደሚበርድ ለታካሚው አስቀድሞ ካልተነገረው ግን በሦስተኛው ቀን ወደ ፋርማሲው ይመለሳል። ሁሉም ያቁም ማለቴ አይደለም፤ ጨጓራው ቆስሎ ደም ፈስሶት የሚያውቅና ለልቡ አስፒሪን የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም የምግብ ቧንቧው በአሲድ ክፉኛ የተጎዳ ሰው፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለበትም። ለእነዚህ ሰዎች ማዘዣው ላይ "ለረጅም ጊዜ" ከሚለው ቃል ጎን ምክንያቱም ቢጻፍ፣ መስኮቱ ላይ ያለነው ሰዎች ማንን እንደምንመልስ፣ ማንን እንደምናስተናግድ በግምት አንወስንም ነበር።